ፒኪያክታ፦ ዋሪዎች በኩስኮ ደጋ የተከሉት ከተማ

ፒኪያክታ በፔሩ ደቡባዊ ደጋ፣ ከኩስኮ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ጥንታዊ ከተማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሉክሬ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ሐይቅ ከፍ ብሎ በሚገኝ ተዳፋት ላይ ተንጣሎ ይታያል። ዛሬ የቀረው ጣሪያ አልባ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ግንቡ ግን እጅግ ብዙ ነው። ዋናው ክፍል ርዝመቱ 745፣ ወርዱ 630 ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ በውስጡ 700 ያህል ሕንፃዎች በረድፍ በረድፍ ተሰድረዋል። ከዚህ ክፍል ውጭ ደግሞ ትልልቅ ቅጥሮች፣ መንገዶችና የውሃ ቦዮች አሉ።

የከተማው መሥራቾች ኢንካዎች አይደሉም። ኢንካዎች ከኩስኮ ተነሥተው ሰፊ ግዛት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የፒኪያክታ ግንቦች መነሣት የጀመሩት ከዚያ 800 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ600 አካባቢ ነው። ከተማውን የተከለው የዋሪ መንግሥት ነው። ዋሪ የሚባለው መዲናው ከዚህ በስተምዕራብ ብዙ ተራራና ሸለቆ ተሻግሮ፣ ዛሬ አያኩቾ በሚባለው ከተማ አቅራቢያ ይገኝ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ስፔናዊው የታሪክ ጸሐፊ ፔድሮ ሲዬሳ ዴ ሌዮን በዚያ አካባቢ ሲያልፍ ትልልቅ ፍርስራሾች ተመልክቶ፣ አሠራራቸው ከኢንካዎቹ የተለየ፣ ዕድሜያቸውም የረዘመ መሆኑን ጽፏል። አስተያየቱ ትክክል ነበር፤ ሰሚ ያገኘው ግን ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የፔሩ አርኪዮሎጂ አባት የሚባለው ሁሊዮ ቴዮ በ1931 የዋሪን ፍርስራሽ ጎበኘ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርታት ዋሪ ራሱን የቻለ ታላቅ መንግሥት እንደነበረ ቀስ በቀስ ግልጽ ሆነ።

ዋሪዎች ከመዲናቸው ወጥተው የተስፋፉበት ምክንያት አሁንም ያከራክራል። ከሚጠቀሱት ነገሮች አንዱ ድርቅ ነው። ከኩስኮ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የኬልካያ የበረዶ ክምችት ውስጥ ተቆፍረው የወጡ የበረዶ ንብብሮች በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ለአሥርታት የቆየ ከባድ ድርቅ እንደነበረ ያሳያሉ። ዋሪዎች ተዳፋቱን በእርከን እየሠሩ፣ ከላይ ከተራራው ውሃ በቦይ እየሳቡ በቆሎ ማምረት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በዝናብ ብቻ የሚያርስ ጎረቤት በሚራብበት ዘመን እንዲህ ያለ ዕውቀት የሥልጣን መሠረት ሊሆን መቻሉ አያስገርምም። ድርቁ ብቻውን መንግሥት አይፈጥርም፤ ሰው ሊያሰባስብ የሚችል አካል ሲኖር ግን ያበረታዋል።

የፒኪያክታ ትልቁ ነገር ዕቅዱ ነው። በአንዲስ ደጋ የነበሩት መንደሮች እንደ መሬቱ አቀማመጥ፣ ቤት በቤት ላይ እየተጨመረ ያደጉ ነበሩ። ፒኪያክታ ግን እንዲህ አላደገም። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ጉብታና ስርጉድ አለበት፤ ከተማው ግን ይህን ሁሉ እንደሌለ ቆጥሮ ቀጥ ባሉ መስመሮች ተሠርቷል። ግንቡ ቁልቁል ሲወርድ ይወርዳል፣ ሽቅብ ሲወጣ ይወጣል እንጂ ከመስመሩ አይወጣም። ዕቅዱ ከቦታው ቀድሞ በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለቀ ነበር ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው ወይም ቡድን ሥዕል በወረቀት ላይ የማያሰፍርበት፣ ጽሑፍ የሌለበት ዘመን ሰው መሆኑ ሲታሰብ ሥራው ይበልጥ ይደንቃል።

የዕቅዱ መሠረታዊ አሃድ ግቢ ነው። መካከሉ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ሜዳ ይኖራል፤ በዙሪያው ረጃጅምና ጠባብ ክፍሎች ይደረደራሉ፤ ሜዳውን ደግሞ ከግንቡ ጋር የተያያዘ ዝቅተኛ መደብ ይዞረዋል። ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ፎቅ ነበራቸው። ይህ የሚታወቀው ከግንቡ ውስጠኛ ገጽ ወጣ ወጣ ብለው ከቀሩት ድንጋዮች ነው፤ የላይኛውን ወለል እንጨቶች የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ከወለሉ ሥር በድንጋይ የተሠሩ የውሃ ማፍሰሻ ቦዮች አሉ፤ ጣሪያው የሚያወርደውን የዝናብ ውሃ ከግቢው የሚያወጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ግቢ ከሌላው ጎን ለጎን፣ ግንብ ከግንብ እየተጋራ ይቀጥላል። መዲናው ዋሪም ሆነ በሌሎች ቦታዎች የተተከሉት የዋሪ ከተሞች የተሠሩት በዚሁ አሃድ ነው።

ግንቡ የተሠራው ካልተጠረበ ድንጋይና ከጭቃ ነው። አንዳንዱ እስከ 12 ሜትር ይረዝም ነበር። ዛሬ ለሚያየው ሻካራና ቡናማ ነው፤ በዘመኑ ግን እንዲህ አልነበረም። ግንቡ በጭቃ ተመርጎ በላዩ ላይ ነጭ ጀሶ ይለሰን ነበር፤ ብዙ ወለልም በጀሶ የተሠራ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ከሚገኘው መንደር ወጥቶ ፊቱን ወደዚህ ያዞረ ገበሬ ያየው የነበረው ተራራው ላይ የተዘረጋ ነጭ ከተማ ነው። የከተማው ሠሪዎች ይህን ዕይታ አስበውበት መሆን አለበት፤ ለመኖሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ከፍታና እንዲህ ያለ ንጣት አያስፈልግም ነበር።

ሥራው ሁሉ የሰው ጉልበት ነው። በአንዲስ መንኮራኩር አልነበረም፤ የሚጎትት በሬ ወይም ፈረስም አልነበረም። ያለው የጭነት እንስሳ ላማ ሲሆን፣ የሚሸከመው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋዩም ጭቃውም ጀሶውም በዋናነት በሰው ጀርባ ተጓጓዘ። በአንዲስ ባህል ደግሞ አለቃ ሕዝቡን ለሥራ ሲጠራ ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ነበር። በዋሪ ቦታዎች ሁሉ የሚገኙት ትልልቅ የመጥመቂያ እንስራዎችና በጥንቃቄ የተሳሉ የመጠጫ ዋንጫዎች የዚህ ግብዣ ምስክሮች ናቸው። መጠጡ ቺቻ ይባላል፤ ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቅ፣ ጠላን የሚመስል መጠጥ ነው። በፒኪያክታ ከተገኘው የሸክላ ስባሪም ብዙው የማቅረቢያና የመጠጫ ዕቃ ነው። አስተዳደር ሲባል ግብር መሰብሰብ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ስባሪ ልብ ሊለው ይገባል፤ በፒኪያክታ የመንግሥት ሥራ ትልቁ ክፍል ድግስ ነበር።

ይህ ሁሉ ድግስ የሚካሄድበት ከተማ ግን ለመግባት የማይመች ነበር። መንገዶቹ ጥቂትና በሁለቱም ወገን በረጃጅም ግንብ የታጠሩ ናቸው። መስኮት የለም። ከመንገዱ ወደ ግቢ የሚያስገቡ በሮች ጥቂት ናቸው፤ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ለመሻገር ሰው ዙሮ መሄድ ነበረበት። በከተማው ውስጥ የሚሄድ ሰው ከላዩ ሰማይ፣ ከግራና ቀኙ ነጭ ግንብ እንጂ የት እንዳለ የሚጠቁመው ሌላ ነገር አያይም። ለጦርነት የተሠራ ምሽግ ነው እንዳይባል የመከላከያ ማማ ወይም መተኮሻ የለውም። የሚከለክለው የጠላትን ሠራዊት ሳይሆን የእንግዳን እግርና ዓይን ነው፤ ማን የት ድረስ እንደሚዘልቅ፣ በማን ፊት እንደሚቀመጥና ከማን ጋር እንደሚጠጣ የሚወስነው ግንቡ ነበር።

ከከተማው ክፍሎች ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሣው ሰሜን ምዕራቡ ነው። እዚያ ከ500 በላይ ትንንሽ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ክፍሎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አንድ በር ብቻ አለው። ለቀደሙት ተመራማሪዎች መልሱ ግልጽ መስሎ ነበር፦ ጎተራዎች ናቸው። ኢንካዎች በየአውራጃው በመቶ የሚቆጠሩ የመንግሥት ጎተራዎች ስለነበሯቸው ዋሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ተብሎ ታሰበ። የለም፣ የሠራተኛ ወይም የወታደር ማደሪያ ነው ያሉም ነበሩ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቦታው የቆፈረው አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጎርደን ማክዩዋን ከእነዚህ ክፍሎች ጥቂቱን ሲከፍት ያገኘው የእህል ክምችት ምልክት አልነበረም፤ ያገኘው ምድጃ፣ አመድና የምግብ ቅሪት ነው። ሰው ኖሮባቸዋል። የጎተራው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ የቆየው በግንቡ ቅርጽና ከኢንካ በተወሰደ ምሳሌ ላይ ብቻ ስለተመሠረተ ነው፤ የፈተነው አካፋ ነበር። ከ500 በላይ ከሆኑት ክፍሎች የተቆፈሩት ጥቂት መሆናቸው ግን ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም።

ሌሎቹ ትኩረት የሚስቡት ሕንፃዎች ዕውር መስኮት ያላቸው አዳራሾች ናቸው። እነዚህ ሰፋፊ አዳራሾች ውስጣዊ ማዕዘናቸው የተጠጋጋ ሲሆን፣ በግድግዳቸው ላይ በረድፍ የተሠሩ፣ ወደ ውጭ ያልተበሱ ትልልቅ መስኮቶች አሏቸው። ከወለላቸው ሥር የመሥዋዕት ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ማክዩዋን አዳራሾቹ የቀደሙ አባቶች አምልኮ የሚፈጸምባቸው፣ የየአገሩ አለቆችም ተሰብስበው በአንድነት የሚጠጡባቸው ቦታዎች ናቸው ይላል። በአንዲስ የሞተ አለቃ አስከሬኑ ደርቆና ለብሶ በሕያዋን መካከል መቀመጡ ከኢንካ ዘመን በደንብ የሚታወቅ ልማድ ነው፤ ዕውር መስኮቶቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቢመቹ አይገርምም። የአዳራሾቹ ቅርጽ መነሻው ከሰሜን ፔሩ፣ ከዋማቹኮ ደጋ እንደሆነ የሚከራከሩ አሉ። ክርክራቸው ከተረጋገጠ ዋሪዎች ከገዟቸው ወይም ከጎረቤቶቻቸው የተማሩትን ይዘው ወደ ደቡብ ወስደዋል ማለት ነው።

በ1927 በፒኪያክታ ከመሬት የወጡት ትንንሽ ምስሎች የእነዚህን ስብሰባዎች ትርጉም ይበልጥ ያቀርባሉ። ምስሎቹ በሁለት ስብስብ የተቀበሩ፣ በእያንዳንዱ ስብስብ 40 የሆኑ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ድንጋይ የተቀረጹ ሰዎች ናቸው። ቁመታቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ገላ ላይ ቀራጩ የእያንዳንዱን ልብስ ለይቶ አሳይቷል፦ አንዱ አራት ጫፍ ያለው ቆብ ደፍቷል፣ ሌላው ጥምጥም መሰል ነገር አስሯል፣ ሌላው እጀ ጠባቡ ላይ ምልክት አለበት። በአንዲስ ልብስ የአገርና የማዕረግ መለያ ነበር። ስለዚህ ምስሎቹን ያጠኑ ሊቃውንት በዋሪ ሥር የተሰበሰቡ የልዩ ልዩ ወገኖች አለቆች ወይም የወገኖቹ ቀዳማውያን አባቶች አድርገው ይመለከቷቸዋል። መንግሥቱ ራሱን እንዴት ያስብ እንደነበረ ከእነዚህ ምስሎች የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል፤ በየስብስባቸው በአንድነት ተቀብረዋል፣ ሁሉም ግን የየራሳቸውን ልብስ እንደለበሱ ናቸው።

ጽሑፍ ያልነበረው መንግሥት ሒሳቡን እንዴት ይይዝ ነበር? ኢንካዎች ኪፑ በሚባል የተቋጠረ ገመድ ቁጥር ይመዘግቡ እንደነበረ የታወቀ ነው። ከዋሪ ዘመን የተረፉ ኪፑዎች መኖራቸው ኢንካዎች ይህን ዘዴ እንዳልፈለሰፉት አረጋግጧል። የዋሪ ኪፑ ከኢንካው ይለያል፤ ገመዶቹ በባለ ቀለም ክር የተጠመጠሙ ናቸው፤ መረጃው ከቋጠሮው ይልቅ በቀለሙና በጥምጥሙ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። እስካሁን ያነበበው የለም።

የፒኪያክታ ግንብ ስፋት ብዙ ተመራማሪዎችን ወደ አንድ መደምደሚያ ወስዶ ነበር፦ ይህን የሠራ መንግሥት የኩስኮን አካባቢ ሁሉ በጥብቅ ገዝቷል የሚል። በሉክሬና ከእሱ በስተደቡብ ባለው በዋሮ አካባቢ ይህ እውነት ይመስላል፤ በዋሮ ሰፊ የዋሪ ሰፈራ ተገኝቷል። ከኩስኮ በስተምዕራብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአካዊያይ መንደር የተደረገ ቁፋሮ እንደሚያሳየው ነዋሪዎቹ በዋሪ ዘመን የቀድሞ ኑሯቸውን ያለ ብዙ ለውጥ ቀጥለዋል፤ የዋሪ ዕቃም እዚያ ያለው ጥቂት ነው። በኩስኮ አካባቢ የተስፋፋው የሸክላ ዓይነትም የዋሪን ሥዕል እየቀዱ የአገሬው ሰዎች በራሳቸው የሠሩት ነው። የዋሪን ጌጥ መውደድና ለዋሪ መገዛት አንድ አይደሉም። ዕቅዱ የመንግሥቱን ምኞት በትክክል ይናገራል፤ ምኞቱ ምን ያህል እንደተፈጸመ የሚናገረው ግን የየመንደሩ ቆሻሻ ጉድጓድ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የቆሻሻው ጉድጓድ ቢታመን ይሻላል።

ካትሪና ሽራይበር የተባለችው አርኪዮሎጂስት በአያኩቾ ደቡብ በካራዋራሶ ሸለቆ ያጠናችው የሂንካሞኮ ሰፈር ይህን ያልተስተካከለ አገዛዝ በቅርብ ያሳያል። ዋሪዎች ወደዚያ ሲመጡ ሕዝቡ በከፍታው ላይ ሥራ ሥር እያመረተ ይኖር ነበር። ከመጡ በኋላ የከፍታው መንደሮች ተተዉ፣ ሰዉ ወደ ታች ወረደ፣ ለበቆሎ የሚሆን እርከን ተሠራ። አንዱ ሸለቆ እንዲህ ተገልብጦ ሳለ ጎረቤቱ ሳይነካ ይቀራል። ሽራይበር የዋሪን ግዛት የልዩ ልዩ የአገዛዝ ዓይነቶች ድብልቅ ብላ የገለጸችው ለዚህ ነው።

በሰሜን በዋማቹኮ አጠገብ ያለው የዋሪ ከተማ ቪራኮቻፓምፓ በዕቅዱ የፒኪያክታ እኩያ ነው፤ ግን ሳያልቅ ተትቷል። በደቡብ ጫፍ ሞኬጓ ውስጥ ደግሞ፣ ቲዋናኩ የተባለ ሌላ መንግሥት ሰዎች በሚኖሩበት ሸለቆ፣ ዋሪዎች ሴሮ ባውል በሚባል አምባ ላይ ሰፍረው ነበር። አምባው ላይ ትልቅ የቺቻ መጥመቂያ ተገኝቷል። ቺቻው የሚጠመቀው ከበቆሎ በተጨማሪ ሞዬ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ነበር፤ በኢትዮጵያ ከተሞች ቁንዶ በርበሬ እየተባለ ለጥላ የሚተከለው ዛፍ ይኸው ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ አንዲስ ነው። በመጥመቂያው ወለል ላይ የተገኙት የሴቶች የነጠላ መርፌዎች ጠማቂዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ያመለክታሉ። ሰፈሩ ሲለቀቅ የመጨረሻው ግብዣ ተደርጎ ቤቱ በእሳት ተቃጥሏል፤ ጠጪዎቹም ዋንጫዎቻቸውን እሳቱ ውስጥ ወርውረው ሰባብረዋል።

የፒኪያክታ አለቃቀቅ ከዚህ የተለየ ነው። ከተማው እንደታሰበው አልተፈጸመም፤ ከክፍሎቹ አንዳንዶቹ ሰው ብዙ ዓመት ሲኖርባቸው፣ ሌሎቹ ግንባታቸው ገና አላለቀም ነበር። በመጨረሻ ነዋሪዎቹ የሚረባቸውን ዕቃ ይዘው ወጡ፤ በቁፋሮ ከተከፈቱት በሮች ብዙዎቹ ሆን ተብሎ በድንጋይ የተዘጉ ሆነው ተገኝተዋል። ለዘለዓለም የሚሄድ ሰው በር በድንጋይ መዝጋት አያስፈልገውም፤ ሰዎቹ ለመመለስ አስበው የሄዱ ይመስላሉ። ሳይመለሱ ቀሩ፤ የከተማው መካከለኛ ክፍልም ከጊዜ በኋላ ተቃጠለ። ቃጠሎውን ያስነሣው የሸለቆው ሕዝብ ይሁን ሌላ፣ አመዱ አይለይም።

ከዋሪ መውደቅ በኋላ ሉክሬ ባዶ አልሆነም። ከሐይቁ ማዶ ያለው ቾኬፑኪዮ አድጎ ዕውር መስኮት ያላቸው የራሱን ታላላቅ አዳራሾች አነጸ። ሙይናና ፒናዋ የተባሉት የሸለቆው ሕዝቦች ከኩስኮ ጋር ተፎካክረው ለኢንካዎች የተገዙት ከብዙ ውጊያ በኋላ ነው። ከፒኪያክታ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ የሸለቆውን መተላለፊያ የሚዘጋው የሩሚኮልካ ግንብ በዋሪ ዘመን ተሠርቶ፣ ኢንካዎች በኋላ የበሩን ክፍል በራሳቸው ውብ የተጠረበ ድንጋይ አልብሰውታል። ኪፑውም፣ ለሥራ የተጠራን ሕዝብ በመንግሥት ቺቻ መጋበዝም፣ በመካከሉ ሜዳ ያለው ግቢም በኢንካ ዘመን እንደገና ይታያሉ። በመካከሉ ግን ብዙ ትውልድ አልፏል። ማክዩዋን ኢንካዎች የመንግሥትን ሥራ የተማሩት ከዚሁ ሸለቆ፣ በቾኬፑኪዮ በኩል ከተላለፈው የዋሪ ትውስታ ነው ይላል። ሌሎች ደግሞ የኢንካን ጅማሬ የሚፈልጉት በኩስኮ ዙሪያ በነበሩት መንደሮች የራስ ዕድገት ውስጥ ነው። ማስረጃው በአብዛኛው ያለው ገና ባልተከፈቱት የፒኪያክታ ግቢዎችና በሸለቆው ዙሪያ ባሉት ትንንሽ መንደሮች አፈር ውስጥ ነው።